ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የቀረበ ውሃ

በጾም ወራት፣ ከቅዳሴ መልስ የምጠጣትን የመጀመሪያዋን ብርጭቆ ውሃ የሚተካከል መጠጥ አላውቅም። ቤት እገባለሁ፤ ነጠላዬን አጣጥፌ አስቀምጣለሁ፤ ከማሰሮው እቀዳለሁ፤ አማትቤ እጠጣለሁ። ውሃ የማስቀምጠው በሸክላ ማሰሮ ነው። ልጆቼ፣ ፍሪጅ እያለ ምን ያደርግልሻል ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። ከሸክላ የተቀዳ ውሃ የአፈር ጣዕም አለው፤ ያ ጣዕም ካልመጣ የጠጣሁ አይመስለኝም። ውሃው እየወረደ ሆዴ ሲደርስ ይታወቀኛል። እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

የአምቦ ሰው ስለ ውሃ ሲያወራ ሌላ አገር ያለ ሰው ወዲያው የሚያስበው ያንን ጋዝ ያለውን፣ የሚፈላውን ነው። እኔም እወደዋለሁ። ልጆች ሳለን ስኳር እንጨምርበትና አረፋው ከጠርሙሱ ሲገነፍል እየተሻማን በአፋችን እንቀበለው ነበር። የበዓል ለስላሳችን እሱ ነበር። ዛሬም እንግዳ ሲመጣብኝ ከሱቅ አስመጣለሁ፤ እንግዳው ሲያገሳ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ስለ መጠጥ ሳስብ ከሁሉ ቀድማ የምትታወሰኝ አንዲት ብርጭቆ ተራ ውሃ ናት። የቀዳኋት ለአማቴ ነበር።

አማቴ የጉደር ገጠር ሰው ነበሩ። አዮ እንላቸው ነበር፤ በኦሮምኛ እናታችን እንደ ማለት ነው። እኔ አማርኛ እያወራሁ ያደግሁ የከተማ ልጅ ነኝ። እሳቸው ነገሩን በኦሮምኛ ይጀምሩታል፤ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፤ መሃል ላይ ሁለታችንም እንቀያየራለን። ባለቤቴ ከጎን ሆኖ ሲሰማን፣ “ሬዲዮኑን አንድ ጣቢያ ላይ አቁሙት እንጂ” ይለን ነበር። እኛ ግን ተግባብተን ነው የኖርነው።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ጊዜ ምንም ነገር አልወርድልሽ አለኝ። ወተቴም አልመጣ አለ። አዮ ይህን ሰምተው ከጉደር መጡ። አብሽ ይዘው ነበር። ነከሩት፤ ምሬቱ እስኪለቅ ውሃውን እየደጋገሙ ደፉት። ከዚያ ሳህን ላይ አድርገው በእጃቸው መቱት፤ መቱት፤ ነጭ አረፋ ሆነ። ማር ጨምረው፣ በውሃ አቅጥነው አመጡልኝ። ፊቴን አዞርኩ።

“ኢንተላ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “አንቺ ካልጠጣሽ እሷ ምን ልትጠጣ ነው?”

ጠጣሁ። ወተቴ መጣ። ያቺ ልጅ ዛሬ ከእኔ ትረዝማለች። አብሽ በሸተተኝ ቁጥር እመቤቴን አመሰግናለሁ፤ አዮንም አብሬ አነሳለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ አዮ ታመሙና ወደ እኛ ቤት መጡ። ሆዳቸውን ነበር ያመማቸው፤ ሲያስቀምጣቸው፣ ሲያስመልሳቸው ሰነበተ። ሆዳቸው ዳነ። ድካሙ ግን አልለቀቃቸውም። ምላሳቸው ደረቀ። ቆዳቸውን ሲቆነጥጡት እንደ ተቆነጠጠ ይቀር ነበር። ጎረቤቴ ነርስ ናት፤ ጤና ጣቢያ ወስዳ አስመረመረችልኝ። ውጤቱን ይዛ መጥታ፣ አዮ እንዳይሰሙ በር ላይ ቆማ ነገረችኝ።

“እትዬ፣ ኩላሊታቸው እየደከመ ነው። መድኃኒቱ ውሃ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ። አለዚያ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ይባላሉ።”

“አዲስ አበባ ይደርሳሉ?”

የውጤቱን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ገባኝ።

በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ባለቤቴ ሥራው ጌዶ ስለነበር እንደ ልቡ መምጣት አልቻለም። ስልኩም እንደ መንገዱ ነበር። አዮ በእኔ እጅ ነበሩ።

ጾሙ ገባ። አዮም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ጠብታ ውሃ አልቀምስም አሉ። ከዘጠኝ በኋላ ደግሞ ቀኑ አልቋል፤ ባዶ የዋለው ሆዳቸው ከአንድ ብርጭቆ በላይ አይቀበልም። ልለምናቸው ተንበረከክሁ።

“ስሚኝ” አሉኝ። “እርጉዝ ሆኜ ሁዳዴን ጾሜአለሁ። ባሌን በቀበርኩበት ዓመት ጾሜአለሁ። አንድም ቀን አላጎደልኩም። ይቺ የመጨረሻዬ ናት፤ ይታወቀኛል። ጎዶሎ አድርጌ ለፈጣሪዬ አልሰጥም።”

ከጉልበቴ ተነሣሁ። የከበደኝም እሱ ነው፤ ነገሩ ገብቶኛል። እኔም የምጾም ሰው ነኝ። እሳቸው የሚሉት እኔ በእሳቸው ዕድሜ ብሆን የምለው ነው።

ነርሷ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ጎራ ትል ነበር። እሷ ፕሮቴስታንት ናት። አዮ ይወዷታል፤ ይነካኳታልም።

“አዮ፣ እግዚአብሔር እኮ የሚያየው ልብዎን ነው” ትላቸዋለች።

“ልቤን ካየ ሆዴንም ያየዋል። ባዶውን ይይልኝ።”

“ምናለ ትንሽ ቢጠጡ?”

“አንቺ ቁርስሽን በልተሽ ነው የመጣሽው አይደል?”

“በልቻለሁ” ትላለች እየሳቀች።

“ታዲያ ጉልበት አለሽ። ቁጭ በይና ዘምሪልኝ፤ አትነዝንዢኝ።”

የነፍስ አባታችንን ጠራኋቸው። መጥተው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ፤ ጸሎት አደረሱ። ከዚያ፣ “እናቴ፣ በሽተኛ በጾም አይያዝም። እኔ ፈትቼዎታለሁ። ይጠጡ” አሏቸው።

“እሺ አባቴ። እርስዎ ካሉ” አሉ አዮ። መስቀል ተሳለሙ። ደስ አለኝ። አባታችንን ሸኝቼ ስመለስ ብርጭቆውን ይዤ ቀረብኩ። በእጃቸው መለሱት።

“አሁን እሺ አላሉም እንዴ?”

“እሺ ብያለሁ። መቼ እንደምጠጣ ግን አልጠየቀኝም።” ቀጠል አድርገውም፣ “እሱ ልጅ ነው። ክርስትና ሲነሳ አስታውሳለሁ፤ ሲያለቅስ ቤተ ክርስቲያኑን ሞላው” አሉ።

ከዚያ በኋላ የማውቀውን መጠጥ ሁሉ ሞከርኩ። ሰው የሚወደውን ሲያይ ይሸነፋል ብዬ ነው። ትልቋ ልጄ ተልባ ቆልታ ወቀጠች። ሽታው ቤቱን ሞላው። የተልባ ሽታ የሁዳዴ ሽታ ነው። ልጄ አያቷን ለማስጎምጀት ብላ ዘነዘናውን አስጮኸችው። አዮ ከአልጋቸው ሆነው፣ “ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ! ሰዓቱ ገና ነው፤ ክንድሽን አሳርፊ” አሏት። ልጄ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ብርዝ በጠበጥኩ። ባለቤቴ ለሥራ ሐሮ ወንጪ በሄደ ጊዜ ያመጣው ነጭ ማር ነበረኝ። አዮ ብርጭቆውን ተቀብለው አሸተቱት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“የወንጪ ነው” አሉ። “ልጅ ሆኜ አባቴ ከዚያ ሲመለስ ጣቱን ነክሮ ያልሰኝ ነበር።” ደጋግመው አሸተቱት። መለሱልኝ። “ጥሩ ማር ነው። ለልጆቹ ስጪ።”

የሚፈላውንም ውሃ አመጣሁ። እሱንማ ድሮም አይወዱትም። “የሚናከስ ውሃ” ነው የሚሉት። “ሲያስጠጉት ፊት ላይ የሚተፋ ውሃ ምን ይባላል? እኛ ጉደር የምንጠጣው ጨዋ ውሃ ነው” አሉ።

ሻይ በጤና አዳም አፈላሁ። የአጃ ሾርባ አቀጠንኩ። ሁሉንም ያሸቱታል፤ የሆነ ነገር ያስታውሳሉ፤ ያንን ይነግሩኛል፤ ይመልሱልኛል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከአንዱ ጥቂት ይቀምሳሉ። በእነዚያ ቀናት በሃያ ዓመት ያልነገሩኝን ነገሩኝ። ያልጠጡት መጠጥ ሁሉ ታሪክ ነበረው። እኔ ግን ታሪኩን ደስ ብሎኝ ልሰማው አልቻልኩም። እያወሩ ድምፃቸው ሲቀጥን እሰማ ነበር።

አንድ ጠዋት ላለብሳቸው ስገባ አዮ በእህታቸው ስም ጠሩኝ። እህታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። “ከብቶቹ ወንዝ ወርደዋል?” አሉኝ። እጃቸውን ያዝኩ፤ እንደ ወረቀት ደርቋል። ጥቂት ቆይተው ወደ ራሳቸው ተመለሱና አወቁኝ። ያሉትን ግን አላስታወሱም። ነርሷ መጣች፤ አየቻቸው። ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ዞር አለች።

“እትዬ፣ ዛሬን ካልጠጡ ስለ ነገ ምንም አልልሽም።”

ከማሰሮው ቀዳሁ። ማርም፣ ተልባም፣ ምንም አልጨመርኩበትም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

“አዮ፣ ይጠጡልኝ።”

ብርጭቆውን አዩት። እኔን አዩኝ።

“ቀምሰሽዋል?” አሉኝ።

በእኛ አገር ጠላ ወይም ጠጅ የሚያቀርብ ሰው አስቀድሞ ከመጠጡ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ያኔ እንግዳው ልቡን ጥሎ ይጠጣል። ለውሃ ግን ማንም ይህን አይጠይቅም። አዮ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ሌላም ነገር ያውቃሉ፤ ጠዋት ነው፣ ጾም ነው፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን ሳልመለስ አፌን አልከፍትም።

“ውሃ እኮ ነው” አልኳቸው።

“ውሃም ቢሆን። ያልተቀመሰ ነገር ከሰው እጅ አልቀበልም። አያቶቼም አልተቀበሉም።” የአፋቸው ጥግ ትንሽ ሳቀ። በጨዋታ በሩን ዘጉት። መልስ የሌለው ነገር ያገኙ መስሏቸው ትራሳቸው ላይ ተደገፉ።

ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ውጭ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደዋል። አባታችንን ልጠይቅ ብል ስልኩ አይሠራም፤ ሄጄ እስክመለስ ደግሞ አዮን ብቻቸውን መተው ፈራሁ። ጌታ ሆይ፣ አንተው ፍረድ አልኩ። አማተብኩ። በመዳፌ ጠብ አደረግሁና ቀመስኩ። ያ ለወጉ ነበር። ከዚያ፣ ወግ ብቻ እንዳይመስላቸው፣ ብርጭቆውን አንስቼ እስከ ግማሽ ጠጣሁ።

ጠዋት ውሃ መጠጣት ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር። ቀዝቃዛ ነበር። ጣፋጭም ነበር፤ መዋሸት የለብኝም።

አዮ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

“ምን አደረግሽ?”

“ቀመስኩ።”

“ጾም እኮ ነው!”

“አዎ።”

“ልጄ፣ ቀልዴን እኮ ነው።”

“እኔ አልቀለድኩም፣ አዮ።”

ግማሹ ውሃ በእጄ አለ። አዮ ትክ ብለው አዩኝ። እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም፤ ሲቆጡም፣ ሲመርቁም። ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉ። ብርጭቆውን ተቀበሉኝ፤ ከሥር ደገፍኩላቸው። እያረፉ፣ እያረፉ ጨረሱት።

ሌላ ቀዳሁ። እንደ መጀመሪያው በመዳፌ ላደርግ ስል የእጄን አንጓ ያዙ። ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደ መጣ አላውቅም።

“ላኪ!” አሉኝ፤ ተዪ ማለታቸው ነው። “በቃሽ። ከእንግዲህ ሳትቀምሺ ስጪኝ።”

“ያልተቀመሰ አልጠጣም ብለው?”

“ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ ሌላ እላለሁ። የአንቺ ከሚጎድል የእኔ ይጉደል። እኔ አሮጊት ነኝ፣ በሽተኛ ነኝ፤ የማቀርበው ምክንያት አለኝ። አንቺ ምን ብለሽ ልትመልሺ ነው?”

“አማቴ አልጠጣም ስላሉኝ ነው እላለኋ።”

“እንደዚያ ብለሽማ አታሳጪኝም!” አሉና ብርጭቆውን ከእጄ ነጠቁኝ።

የዚያን ቀን ጠጡ፤ በማግስቱም ጠጡ። እያጉረመረሙ ነበር የሚጠጡት። “እንግዲህ አጠጪኝ፣ እንደ ጥጃ” ይሉኛል። ነርሷ አመሻሹ ላይ መጥታ አየቻቸው፤ ዓይናቸው ብርሃን ይዟል።

“ምን ተደርጎ ነው እሺ ያሉት?” አለቻቸው።

“ምራቴ አስፈራርታኝ።”

“በምን?”

“በነፍሷ” አሉ አዮ። ነርሷ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ እቃ አነሳሁ።

ለነፍስ አባቴ ተናገርኩ። “እሳቸውስ ጠጡ?” ብለው ጠየቁኝ። ጠጥተዋል አልኳቸው። ስግደት ሰጡኝ። ብዙ አልነበረም። ደስ ብሎኝ ሰገድኩ። ጾሙን ቀላል አድርጌ እንዳላይም ነገሩኝ፤ አላየሁም። ዛሬም ድረስ እንደ ቀላል ነገር አላየውም። ያን ቀን የሆነው ትክክል ነበር ወይ ብትሉኝ፣ እሱን የሚያውቅ ሌላ ነው። እኔ የማውቀው አዮ መጠጣታቸውን ነው።

ሪፈሩ ሳያስፈልግ ቀረ። መንገድ ሲከፈት ባለቤቴ መጣ። እናቱን ግቢ ውስጥ ጠዋት ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው፣ ብርጭቆ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አገኛቸው።

“እማዬ! በሁዳዴ? በጠዋት?”

“ዝም በል” አሉት። “ሚስትህ ከሰማች እሷም ትጠጣለች።”

ነገሩ አልገባውም። ቆይቼ ስነግረው ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ሄደ፤ ለረጅም ጊዜ አልተመለሰም።

የመጨረሻዬ ናት ያሏት ጾም የመጨረሻቸው አልሆነችም። እግዚአብሔር ዕድሜ ጨመረላቸው። ከዚያ በኋላ ሁዳዴ ሲገባ ጓዛቸውን ሸክፈው ከጉደር ወደ እኛ ይመጡ ነበር። የአገሬው ሰው፣ ቤትዎ ጤነኛ ሰው ሞልቶ፣ ወንዝ አጠገብ ሆኖ፣ ለምን አምቦ ድረስ ይደክማሉ ሲላቸው፣ “እዚያ የሚያጠጣኝ ሰው አለኝ” ይሉ ነበር አሉ። በመጨረሻም በገዛ ቤታቸው፣ በልጆቻቸው መሃል ዐረፉ። ያሳረፋቸው ይመስገን።

በእነዚያ ጾሞች ጠዋት ጠዋት ውሃቸውን ይዤ ስገባ አዮ ብርጭቆውን ወዲያው አይቀበሉኝም ነበር። በመጀመሪያ ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ በይ ይሉኛል። ጠጋ እላለሁ። ከንፈሬን ያዩታል፤ አንዳንዴ በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል። ደረቅ መሆኑን ሲያረጋግጡ ያማትቡና ይጠጣሉ።